«ሐለን»ን «አለን» አታድርጉት

ባለፈው ቆላ ድባ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ የአጎቴ ልጅ ስልኩን ደገነብኝ። «አየኸው? ዔዛና ራሱ ድንጋይ ላይ "አለን" ብሎ ጽፏል! አማርኛ ያኔም ነበረ ማለት ነው።» ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። እኔም ደስ ቢለኝ በወደድኩ። ግን ውሸት ነው።

ድንጋዩ ላይ ያለው «ብእሴ ሐለን» ነው። ብእሲ በግዕዝ ሰው ማለት ስለሆነ ንጉሡ «የሐለን ሰው ነኝ» እያለ ነው። ሐለን ምንድን ነው? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ፦ ጎሳ ነው፣ የጦር ክፍል ነው፣ በእናት የሚቆጠር ዘር ነው። ግሪክኛውም አላገዘንም። ዔዛና ማሕረም የሚለውን አምላክ ግሪክኛው «አሬስ» ብሎ ስለተረጎመው የጦር አምላክ መሆኑን አወቅን። ሐለንን ግን ሳይተረጉም «ቢሲ አሌኔ» ብሎ እንዳለ ገለበጠው።

«አለን»ስ? የኛ «አለ» የግዕዙ «ሀለወ» ዘመድ ነው፤ በሃሌታው ሀ። ሐለን የተጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ለኛ ዛሬ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በዔዛና ዘመን ግን የተለያዩ ነበሩ። ጨዋታው እዚሁ ያበቃል።

አላመናችሁም? እሺ፣ ሌላ ፈተና። በሳንቲሞቻቸው ላይ እንዱቢስ «ቢሲ ዳኩ» ነው፣ አፊላስ «ቢሲ ዲሜሌ»፣ ኡሳናስ «ቢሲ ጊሴኔ»። ካሌብ የላዝን ሰው ሲሆን ልጁ ደግሞ የሐደፋን ሰው ነው፤ አባትና ልጅ እንኳ አይጋሩትም። ሐለንን በአንድ ምሽት የፈታ ሰው እስቲ ዲሜሌን ይፍታልን! አንዱን ቃል ብቻ መርጦ የሚሠራ ቁልፍ ቁልፍ አይደለም።

ይህ የኛ ጣጣ ብቻም አይደለም። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የነበሩት ልድያውያን በዓለም መጀመሪያ ከሚባሉት ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ «ዋልዌት» ብለው ጽፈዋል። የንጉሥ አልያቴስ ስም ነው የሚል አለ፤ ሳንቲሙ ላይ ካለው አንበሳ ጋር የሚያያይዘውም አለ። ክርክሩ አላለቀም። ልድያኛ ማንበብ የተቻለው ሰርዴስ ላይ በልድያኛና በአራማይክ የተጻፈ ድንጋይ ስለተገኘ ነው። ያንን ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1916 ያሳተመው ሰው ኤኖ ሊትማን ይባላል። በ1906 የአክሱሙን የጀርመን ጥናት ቡድን የመራውም እሱው ነው። ሁለቱንም ድንጋይ ያየ ሰው የሠራው ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር እያስተያየ እንጂ ስሜቱን እየጠየቀ አልነበረም።

«ምን ችግር አለው፣ ዝም ብሎ ጨዋታ ነው» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ዛሬ በድምፅ መመሳሰል ቃል የወሰደ ነገ በዚያው ስልት የቦታ ስም ያነሳል፤ ከቦታ ስም ወደ ቦታው ደግሞ አንድ እርምጃ ነው። የቦታ ስም ምን ያህል እንደሚያሳስት ቆላ ድባን እዩ። በተለምዶ ቆላ የሚባለው ከ1,500 ሜትር በታች ያለ አገር ነው። ጣና ራሱ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ተኝቷል፤ ከተማችን ከጣና በላይ ናት። ስሟን ብቻ ያነበበ አየሯን ይስታል።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ልድያኛን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ካለፉ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗል። እኛ ግን ደጃፋችን ላይ ቅማንትኛ አለ፤ የዚህ አገር የአገው ቋንቋ። በ1987ቱ ቆጠራ አፍ መፍቻዬ ያሉት 1,650 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዘለዓለም ልየው በሰዋስውና በቋንቋው መተካት ላይ መጽሐፍ ጽፎበታል። ከኛ ስንቶቻችን አነበብነው? ስንቶቻችንስ አንድ ሽማግሌ ጋ ቁጭ ብለን «አባባ፣ ይህን ወንዝ ምን ትሉታላችሁ?» ብለን ቀዳን?

ለአጎቴ ልጅ ያልኩትም ይህንኑ ነው፦ ስልክህን ከድንጋዩ ላይ አንሳና ወደ ሽማግሌው አዙረው። ድንጋዩ ይቆይሃል። ሽማግሌው አይቆይህም።