በአርባ ምንጭ ቈላ ስላለው የገንዲ በሽታ፤ ጥፋቱ የአጋዘኑ ነው ወይስ የዝንቡ?

የጋሞ ደጋ ሰው ከጨንቻና ከዶርዜ ወደ አባያና ወደ ጫሞ ዳር በወረደ ጊዜ መሬቱን ሰፊና ለም፥ ውኃውንም ብዙ ሆኖ ያገኘዋል። ነገር ግን በደጋ ሳሉ በእበታቸው እንሰቱን ያሳደጉለት ከብቶች አብረውት የወረዱ እንደ ሆነ ጥቂት ወራት ሳይቈዩ ይከሳሉ፤ ጠጕራቸው ይቆማል፥ ዓይናቸው ያነባል፥ ላሟ ትጨነግፋለች፥ በሬውም ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። የአገሩ ሰው ይህን በሽታ ገንዲ ይለዋል። በሬ የሌለው ገበሬ ለም መሬት ይዞ መራቡን ያየ ሹም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል።

የበሽታው ምክንያት ትሪፓኖሶም የሚባል፥ በዓይን የማይታይ፥ በደም ውስጥ የሚኖር ነፍሳት ነው። እርሱንም ከከብት ወደ ከብት የሚያደርሰው የቈላ ዝንብ ነው። የዚህ ዝንብ ወንዱም ሴቱም ከደም በቀር ሌላ ምግብ የላቸውም። የታመመውን እንስሳ ደም በጠጣ ጊዜ ነፍሳቱ በዝንቡ ሆድ ዕቃ ገብቶ ይራባል፤ ከጥቂት ቀን ወይም ሳምንት በኋላም በምራቁ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቪቫክስ የሚባለው ዐይነት ግን ሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም በአፋቸው ጫፍ ሊያደርሱት ይችላሉና፥ የቈላ ዝንብ በሌለበት በጣና ዙሪያ እንኳ ከብት ሲያሳምም ተገኝቷል።

አሁን ክርክሩ የሚነሣው ስለ ዱር እንስሳ ነው። አጋዘን፥ ድኩላ፥ ጎሽና ከርከሮ ይህን ነፍሳት በደማቸው ተሸክመው ብዙውን ጊዜ ሳይታመሙ ይኖራሉ። የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ዴቪድ ብሩስ በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1895 ጀምሮ በዙሉላንድ ይህን መርምሮ ከገለጸ በኋላ፥ ብዙ ሰዎች «እንግዲያውስ አውሬውን ፈጅተን ከብቱን እናድን» አሉ። በደቡብ ሮዴሽያም በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር አውሬ በጥይት ተገደለ። ዛሬም በነጭ ሣር ፓርክ አጠገብ ከብት የሞተበት ሰው ይህንኑ ቢመኝ አያስደንቅም።

የነርሱም ነገር ጨርሶ ከንቱ አይደለም። በአገራችን ክፉ ቀን በተባለው ዘመን ከብቱን የጨረሰው ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ አፍሪቃ በደረሰ ጊዜ የዱር እንስሳው አልቆ፥ ከሊምፖፖ ወንዝ በታች በብዙ ስፍራ የቈላ ዝንብ ጠፍቷል። ግን ያው በሽታ ከብቱንም አብሮ ጨርሶ ነበር። በጋሞ ቈላ ግን ዝንቡ ድኩላ ቢያጣ ላም ይነክሳል፤ ሰውንም ይነክሳል። ነፍሳቱም ሳይድን በቀረው በሬ ደም ውስጥ ይቈያል። ስለዚህ በ1966 ዓ.ም. በተከለለው በነጭ ሣር ያለውን የዱር እንስሳ መግደል አገሩን ጌጡን ያሳጣዋል እንጂ በሬውን አያድንም።

ይልቅስ የሚያሳዝነው በገበያ የሚደረገው ነው። ዲሚናዚን የሚባለው መድኃኒት በከብቱ ክብደት ተለክቶ መሰጠት ሲገባው፥ አንዱ ፓኬት ለሁለት ለሦስት በሬ ይከፋፈላል። ይህ ቍጠባ ይመስላል። ነገር ግን መጠኑ ያነሰው መድኃኒት ደካማውን ነፍሳት ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል፤ በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የማይበግረው ነፍሳት መኖሩ በምርመራ ታውቋል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም በጉልት የሚሸጠውን ሰው መከልከል የወረዳው ሹም ሥልጣን ነው፤ ለዚህ የውጭ አገር ዕርዳታ አያሻውም።

ስለ ዝንቡ መንግሥት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሥራ ጀምሯል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ወንዱን ዝንብ አራብቶ በጨረር የሚያመክን ጣቢያ በቃሊቲ ተመርቋል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጠቃ፥ መካን ወንድ ካገኘች ዘር አትተካም። ዛንዚባር በዚህ መንገድ በኤውሮፓ ቍጥር በ1997 ከዝንቡ ነጻ ሆናለች። ዛንዚባር ግን ደሴት ናት፤ የጋሞን ቈላ የሚከልል ባሕር የለም። አንዱ ወረዳ ቢያጸዳ ከጎረቤቱ ሸለቆ ተመልሶ ይመጣበታልና አዋሳኝ ገዥዎች በአንድ ወር ቢነሡ ይሻላል።

የዝንብ ወጥመዱም ሰማያዊና ጥቍር ጨርቅ ነው፤ የላም ሽንት በአጠገቡ ሲኖር ዝንቡ ሽታውን ተከትሎ ይገባበታል። ጠባቂ ከሌለው ግን ጨርቁ ለልጅ ቍምጣ ይሆናል፤ ወጥመዱን የሚጠብቅ ሰው ከቀበሌው ቢመደብ ወጪው ከአንድ በሬ ዋጋ አይበልጥም።

ደግሞም ዘመቻውን በአንድ ሳምንት ጨርሶ ወረቀት መላክ አይበቃም። ሴቷ ዝንብ ዕንቍላል አትጥልም፤ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን አንድ አንድ ትል እየወለደች በጥላ ሥር በለስላሳ አፈር ላይ ትጥላለች፥ ትሉም ወዲያው መሬት ገብቶ ይደበቃል። የአንድ ሳምንቱ ዘመቻ ሲፈጸም በአፈር ውስጥ ያለው ገና አልወጣም፤ የሚወጣውም ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው።