በሽተኛው የማያነበው ወረቀት

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ ማክሰኝት ትገኛለች። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆንዋ በአካባቢዋ ያለው ገበሬ ሲታመም መጀመሪያ የሚመጣው ወደዚያ ነው፤ ሕመሙ ከበረታበትም ሪፈር ተጽፎለት ወደ ጎንደር ይላካል። ይህ ሰው ከሐኪም ቤት ሲወጣ በእጁ የያዘውን ነገር ልብ ብለን አይተን እናውቃለንን? አንድ የመድኃኒት ማዘዣ፥ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት፥ አንድ ፓኮ ክኒን፥ በፓኮው ውስጥም ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀ አንድ የታጠፈ ወረቀት። ከእነዚህ ሁሉ በአማርኛ የተጻፈ ማግኘት ብርቅ ነው።

በቤት ውስጥ ዐሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ «ና እስቲ አንብብልን» ይባላል። ልጁም በአባቱ ፊት አላውቀውም ማለት ያሳፍረዋልና የመሰለውን ይተረጉማል። ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን፤ የአንድ ሰው ሕይወት በዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ መንጠልጠል አለበትን?

የሰዓቱን ነገር ብቻ እንመልከት። በእንግሊዝኛ ጧት 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። አኃዙን ብቻ ለይቶ የሚያነብ ሰው ግን መድኃኒቱን የሚውጠው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ይሆናል፤ ከታዘዘለት ጊዜ በ6 ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። በስፔን ቋንቋም የዚሁ ብጤ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» ማለት የሆነው ቃል በፊደል አጻጻፉ ከስፔኑ «ዐሥራ አንድ» ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ በቀን አንዴ የታዘዘውን ክኒን ዐሥራ አንድ ጊዜ ነው ብሎ ሊያነብ የሚችል ሰው አለ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስና የወባን መድኃኒት ኮአርተምን እናንሣ፤ ለደምብያና ለጣና ዳር ሰው ንዳድ እንግዳ አይደለምና። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ክኒን፥ በጠቅላላው 6 ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ጧትና ማታ ነው። ከስብ ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ያንሳል። እንግዲህ ይህን በቃል ያልተነገረው ሰው ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲበርድለት «ዳንሁ» ብሎ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጠዋል፤ ወይም ለጎረቤቱ ልጅ ይሰጠዋል። ፋብሪካው እንኳ ይህን አስቦ አወሳሰዱን የሚያሳይ ሥዕል በፓኮው ላይ አትሞበታል። ነገር ግን በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው የጧቱን ክኒን ምን ያድርገው? ወተትና ቅቤ የማይነካስ በምን ይውሰደው? በዘይት የተሠራ የጾም ወጥም ስብ አለው ብሎ የሚነግረው የባሕር ማዶ ወረቀት የለም። ይህን ሊነግረው የሚችለው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ እንግሊዝኛውን በአማርኛ በመለወጥ ብቻ የሚያልቅ አይምሰለን። የደም ግፊትን ሕዝቡ «ደም ብዛት» ይለዋል፤ ስሙን የሰማ ሰው ደሜ በዝቷል ብሎ ቢያስብና ጨው ከመቀነስ ይልቅ ሌላ ዘዴ ቢፈልግ ምን ያስደንቃል? «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ደግሞ ለቲቢም ለካንሰርም ይነገራል፤ አንዱ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን ሲሆን ሌላው ፈጽሞ የተለየ በሽታ ነው። «ኔጌቲቭ» ሲባልም ክፉ ዜና የተነገረው መስሎት የሚደነግጥ አለ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቃል ለቃል መመለስ ሳይሆን የሰሚውን አሳብ አውቆ ማስረዳት ነው።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር እንጨምር። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግዲያውስ ከማክሰኝት ወጥቶ ዋሽንግተን የገባ ሰው ስለ ጤናው በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሊያገኝ ይችላል፤ በማክሰኝት የቀረው እናቱና አባቱ ግን የእንግሊዝኛውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ከዚህ የበለጠ ግልብጥ ነገር አለን?

የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ሲቋቋም ምክንያቱ ምን ነበር? በፊተኛው ዓመት በደምብያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ በመፍጀቱ ነው። በዚያ የሠለጠኑት የጤና መኰንኖች፥ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በሽተኛውን ቢሮ ተቀምጠው እንዲጠብቁ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ወርደው እንዲያስተምሩ ታስቦ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄዷል። በየቀበሌው የተመደቡት እኅቶቻችን ከአንድ ዓመት ሥልጠና በኋላ ስለ መጸዳጃ፥ ስለ ክትባትና ስለ አጐበር ለገበሬዋ በምትሰማው ቋንቋ ያስረዳሉ። ስድስትና ሰባት ዓመት የተማረ ምሩቅ «ሃይፐርቴንሽን አለብዎት፥ ፎሎው አፕ ያስፈልግዎታል» ብሎ እማሆይን ሲያሰናብታቸው ማን ይበልጥ እንደ ተማረ እንጠራጠራለን።

በርግጥ ተቃዋሚ ይኖራል። «ሕክምና በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፤ መድኃኒቱም ከውጭ አገር ይመጣል፤ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው የሚላክ ማስረጃ በአንድ ቋንቋ ካልሆነ ይደበላለቃል» ይላል። እውነት ነው፤ ማንም ካርዱ በአማርኛ ይሁን አላለም። ካርዱ በሐኪሞች መካከል የሚሄድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይኑር። ክኒኑን የሚውጠው ግን በሽተኛው ስለሆነ ለእርሱ የሚሰጠው ወረቀት በቋንቋው ይሁን። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ለሚናገረውም እንዲሁ፤ ከቋራና ከመተማ በኩል የሚመጣው የጉሙዝ ሰው በአማርኛ ቢጻፍለት ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ማኅበራችንን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የመድኃኒት፥ የሕክምና፥ የነርስና የአማርኛ ተማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው በብዛት ለሚታዘዙ ዐሥር መድኃኒቶች አንዳንድ ገጽ ያዘጋጁ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ለማያነብ ሰው የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ይግባበት፤ የጾሙ ነገር አይረሳ፤ ምን ዓይነት ምልክት ሲታይ ወደ ሐኪም ቤት መመለስ እንደሚገባም ይነገር። መምህራኖቻችን አይተው ካረሙት በኋላ በማኅበሩ ማባዣ ይባዛ። ከመበተኑ በፊት ግን ጥቂቶቻችን ይዘነው ወደ ማክሰኝት እንውረድና በጤና ጣቢያ ወረፋ ለሚጠብቁት እናንብብላቸው፤ የገባቸውንም በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲነግሩን እንጠይቃቸው። ተሳስተው የነገሩን ቦታ ላይ የሚታረመው ወረቀቱ ነው።