ሙቀቱ የተፈጥሮ ነው፤ የውድድሩ ሰዓት ግን የሰው ውሳኔ

በፈረንጆቹ መስከረም 27 ቀን 2019 እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው 68 ሴቶች በዶሃ ኮርኒሽ ጎዳና ላይ ለማራቶን ተሰለፉ። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና አዘጋጆች ውድድሩን በሌሊት ያደረጉት ከፀሐይ ለመሸሽ ነበር። ፀሐይዋ ብትጠልቅም ወበቁ አልጠለቀም። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተሰለፉት ውስጥ የመጨረሻውን መስመር ያለፉት 40 ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያን የወከሉት ሦስቱም ሯጮች ካቋረጡት 28 አትሌቶች መካከል ነበሩ።

በዚያ ሌሊት የሆነውን በአትሌቶች ድክመት አመካኝቶ ማለፍ ስሕተት ነው። ከስምንት ቀናት በኋላ በዚያው ከተማ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ሌሊት፣ ሌሊሳ ዴሲሳ የወንዶቹን ማራቶን አሸንፎ ወርቁን ወሰደ፤ ሞስነት ገረመውም ብሩን አስከተለ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙቀቱን በመፍራት የቶኪዮን ማራቶን ወደ ሰሜናዊቷ ሳፖሮ አዛወረ። ወበቁ ግን ወደዚያም ተከተለ። በነሐሴ 2021 የሴቶቹ ውድድር በዋዜማው ምሽት በተላለፈ ውሳኔ በአንድ ሰዓት እንዲቀድም ተደረገ። በማግሥቱ ከሮጡት 106 ወንዶች 30ው አልጨረሱም፤ ሌሊሳን ጨምሮ ሦስቱም የኢትዮጵያ ተወካዮች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ያቋረጠ ሁሉ በሙቀት ብቻ አቋረጠ ማለት አይቻልም። ይሁንና የዓለም ምርጥ ሯጮች በተደጋጋሚ በመንገድ ሲቀሩ መመርመር ያለበት የእግራቸው ብርታት ብቻ ሳይሆን እንዲሮጡበት የተወሰነው ሰዓትና ቦታ ጭምር ነው።

የአደጋው ምክንያት ስውር አይደለም። የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ከሚያወጣው ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግድበት ዋነኛ መንገድ ላብ ነው፤ ላብ ግን የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይወርዳል እንጂ እንደሚገባው አይተንም፤ ሙቀቱም በውስጥ ይጠራቀማል። የውስጥ አካል ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ አእምሮ ሲታወክ፣ ማለትም ሯጩ ሲንገዳገድ፣ ሲቃዥ፣ ያለ ምክንያት ሲቆጣ ወይም ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ሐኪሞች ‹‹ሂት ስትሮክ›› የሚሉት ሕመም ደርሷል። ከዚያ በኋላ ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በደቂቃዎች ነው።

ይህ አደጋ አዲስ አይደለም። በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በጠራራ ፀሐይ በተካሄደው ማራቶን ላይ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። ያን ጊዜ የሚበጀው ሕክምና በውል አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ይታወቃል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በየዓመቱ በነሐሴ ሙቀት በሚካሄደው የፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ በ18 ዓመታት ውስጥ 274 ሯጮች በሂት ስትሮክ ወድቀው በመጨረሻው መስመር አጠገብ በተዘጋጀ የበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክረዋል። አንዳቸውም አልሞቱም። ምሥጢሩ ‹‹መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ቀጥሎ አጓጉዝ›› የሚለው ቀላል መርሕ ነው። አበው ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› እንዲሉ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ጊዜ በሽተኛው ከውስጥ የሚቃጠልበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዕውቀቱ ካለ የሚቀረው ግዴታው ነው። አንደኛ፣ የውድድር አዘጋጅ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ የፀሐይ ጨረርንና ነፋስን በአንድነት የሚመዝነውን መለኪያ ሊጠቀም፣ ውድድር የሚዘገይበትን ወይም የሚሰረዝበትን መጠን አስቀድሞ ሊያሳውቅና የመጨረሻውን ቃል ለቴሌቪዥን ኃላፊው ሳይሆን ለሐኪሙ ሊሰጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ የበረዶ ውሃ ገንዳና የውስጥ አካልን ሙቀት በትክክል የሚለካ ባለሙያ የሌለው ረጅም ውድድር በሙቀት ወራት ፈቃድ ማግኘት የለበትም። የመጠጥ ውሃ ማደል መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ አይተካም፤ ከመጠን በላይ ሲጠጣም በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶ ሌላ አደጋ ያመጣል።

ሦስተኛው ግዴታ የብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ነው። በእንጦጦና በሱሉልታ የንጋት ብርድ ያደገ ሯጭ ሳንባው ከፍታን ለምዷል፤ ሰውነቱ ግን የባሕረ ሰላጤን ወበቅ አልለመደም። ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀናት በሙቀት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጨምር ልምምድ ያስፈልጋል። ይህን በጀግንነት መተካት አይቻልም። አትሌቱን በዋዜማው አድርሶ ሜዳሊያ መጠበቅ ለአገሩ ክብር ሳይሆን ለአትሌቱ ሕይወት ግድ ማጣት ነው። ራሱን አዳምጦ ውድድር ያቋረጠ አትሌትም ከወቀሳና ከቀጣይ ምርጫ ከመታገድ ሥጋት ነፃ ሊሆን ይገባዋል።

የውድድር ቀንና ሰዓት አይነኬ ነው የሚል ካለ፣ ኳታር ያስተናገደችውን የ2022 የዓለም ዋንጫ ያስታውስ። በገንዘብም በተመልካችም ብዛት ወደር የማይገኝለት ውድድር በሙቀት ምክንያት ከበጋ ተነሥቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ተካሂዷል። የዱባይ ማራቶንም ኢትዮጵያውያን የሚደምቁበት ሩጫ ሊሆን የቻለው በጥር ስለሚካሄድ ጭምር ነው። ሲታሰብበት የቀን መቁጠሪያ ይታጠፋል፤ የሰው ገላ ግን አይታጠፍም።

ነገሩ የታላላቆቹ ብቻም አይደለም። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር ሥራ እንዳይሠራ በሕግ ትከለክላለች። ሕጉ ለሠራተኛው ያየውን አደጋ ሠራተኛው ራሱ በዕረፍት ቀኑ ኳስ ሲጫወት ሊዘነጋው አይገባም። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ወጣቶቻችን ግጥሚያቸውን ወደ ማታ ቢያዛውሩ፣ የመጠጥ ዕረፍት ቢያደርጉና በረዶ የተሞላ ሣጥን ከኳሱ እኩል ይዘው ቢወጡ ወጪው ትንሽ ነው። ጓደኛቸው ሲንገዳገድና ንግግሩ ሲምታታ ‹‹ደክሞት ነው›› ብለው ጥላ ሥር አስተኝተው አይተዉት፤ እርዳታ እየጠሩ በበረዶና በቀዝቃዛ ውሃ ሰውነቱን ያብርዱ።

ሙቀትን ማንም አላዘዘም፤ የማስጀመሪያው ሽጉጥ የሚተኮስበትን ሰዓት ግን የሚወስን ሰው አለ። ተጠያቂነቱም የሚጀምረው ከዚያ ሰው ነው። ሜዳሊያ በሚቀጥለው ዓመት ይገኛል፤ በአስፋልት ላይ የቀረ ወጣት ግን አይመለስም።