ዘንዶ ያልቆፈረው ጉድጓድ

አፋፉ ላይ አንድ ጥንድ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ልጁ ሊዋኝ ሲገባ ጭቃ እንዳይነካበት ድንጋይ ላይ አስተካክሎ ያስቀመጠው ነው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ቦታው በኮልፌ ቀራንዮ ዳር ዳሩን ካሉት አሮጌ የድንጋይ ካባዎች አንዱ። ድንጋዩ ወጥቶ ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረው ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውሃ አቁሯል። ልጁ ከገባ ሁለት ሰዓት አልፏል። እናቱን ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው «ይኼ ውሃ ዘንዶ አለበት ልጄ፤ በዓመት አንድ ሰው ካልወሰደ አይተኛም» አሉኝ። ከኋላችን አንዷ «ጋኔን ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጂን ነው» አለች። በስሙ አልተስማሙም። ልጁን የወሰደው ሰው ያልሆነ ነገር ነው በሚለው ግን አንድ ነበሩ።

እኔም በዚህ አነጋገር ነው ያደግሁት። በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ ውሃው ይስባል፣ ያ ኩሬ ባለቤት አለው እየተባልሁ። ዛሬ ግን በግልጽ ልቃወመው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ያንን ጉድጓድ የቆፈረው ዘንዶ አይደለም። በኤክስካቫተር ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ተሸጦ፣ ሳይሞላና ሳይታጠር ተጥሎ የተሄደ ጉድጓድ ነው። የቆፈረው ሰው አለ፤ ቁፋሮውን የፈቀደ ፊርማ አለ። «ዘንዶ በላው» ባልን ቁጥር ሁለቱንም ከተጠያቂነት እናወጣቸዋለን፤ የሟቹ እናትም ከፈጣሪ ጋር እንጂ ከማንም ጋር የምትነጋገርበት ጉዳይ እንደሌላት እንነግራታለን።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ክረምት በገባ ቁጥር ያስጠነቅቃል። ለግንባታና ለድንጋይ ማውጫ ተቆፍረው ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች ሰው እየገደሉ ነው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ታዳጊዎች ናቸው። በእነዚህ ዜናዎች ውስጥ የኮልፌ ቀራንዮ ስም ደጋግሞ ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ 300,000 ሰው ሰምጦ መሞቱን ገምቷል፤ መከላከያ ብሎ ከሚያስቀድማቸው አንዱም ሰውን ከውሃ የሚለይ አጥር ነው። እንጨትና ሽቦ ማለት ነው።

«ይስባል» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ወንዝ ዳሩ ቀስ እያለ ይጠልቃል፤ ካባ ግን ግድግዳው እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ልጁ አንድ እርምጃ እስከ ጉልበቱ ቆሞ፣ በሁለተኛው እርምጃ እግሩ መሬት ያጣል። ውሃው ደፍርሶ ቡና መስሏልና ከአንድ ክንድ በታች አይታይም። ላዩ በፀሐይ ሞቅ ብሎ ውስጡ በረዶ ነው፤ ያ ብርድ ድንገት ሲነካ ትንፋሽ ይቆራርጣል። ታቹ የተረፈው ጥቁር ጭቃ እግር ሲይዝ፣ ያመለጠ ልጅ ወጥቶ «የሆነ ነገር ያዘኝ» ቢል አይዋሽም። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አይጮህም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳ ሳይበቃ ነው፤ ባልንጀሮቹ እየተጫወተ መስሏቸው ይስቃሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲያው አይደለም። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ በራሱ ሲንሳፈፍ «በልቶ መለሰው» ይባላል፤ ያንሳፈፈው ግን በሰውነቱ ውስጥ የተፈጠረ አየር ነው።

አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ «ተወው፣ ባህል ነው፤ ደግሞም ፍርሃቱ ልጆችን ይጠብቃል» ይሉኛል። አይጠብቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ዘንዶን ይፈራል፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ግን ባልንጀሮቹ ፊት እንደማይፈራ ለማሳየት ውሃው ውስጥ ይገባል። ተረቱ ለእሱ መጋበዣ ሆኖለታል። ትንንሾቹ ደግሞ እሱን ተከትለው ይገባሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ተረቱን ራሱን መበደላችን ነው። የጥንት ሰዎች ስለ ባሕር አውሬና ስለ ዘንዶ ሲናገሩ እጃቸውን አጣጥፈው ለመቀመጥ አልነበረም። በባቢሎናውያን የፍጥረት ትረካ ማርዱክ የባሕሯን እናት ቲያማትን ገድሎ እንደ ደረቀ ዓሣ ለሁለት ይሰነጥቃታል፤ ከአንዱ ግማሽ ሰማይን ይሠራል። ሥራው ግን በዚያ አያበቃም። መወርወሪያ ያኖራል፣ ዘበኛ ያቆማል፣ ውሃዋ እንዳያመልጥም ያዛቸዋል። በመጽሐፈ ኢዮብም ባሕር መዝጊያና መወርወሪያ ተደርጎለት እስከዚህ ድረስ ብቻ ትደርሳለህ ይባላል። ሙሉው በእኛ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ በቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ሌዋታንና ብሔሞት ተለያይተው አንዷ በጥልቁ ውሃ፣ ሌላው ዴንዳይን በተባለ በረሃ ስፍራ ይሰጣቸዋል። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ወሰን ነው። አውሬው አለ፤ ስለዚህ አጥር ይኑር፣ ጠባቂ ይቁም። በዚያ ካባ ዙሪያ አጥርም ዘበኛም አላየሁም።

የራሳችንን አርዌንም እንመልከት። የነገሥታቱ ዝርዝር 400 ዓመት ገዛ የሚለው ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብቱንና ሴት ልጆቹን ይገብርለት ነበር። አጋቦስ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ እስኪገድለው ድረስ ሰው ሁሉ የዘመኑ ሥርዓት ይህ ነው ብሎ ተቀምጦ ኖረ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል የሚሥሉ ሠዓሊዎች ከዚሁ ዘንዶ ነው የሚጀምሩት፤ በየሱቁ ተሰቅሎ አይተነዋል። ታሪኩ የተነገረው አጋቦስን ለማክበር ነው፤ ልጆቹን እያቀረበ የኖረውን ሕዝብ ለማመስገን አይደለም። እኛ ግን የሕዝቡን ቦታ መርጠናል።

ጉዳዩን ከእምነት ጋር ለሚያያይዙትም አንድ ነገር ልበል። እኚያ ባለ ጋቢ አባት የዘወትር ዳዊታቸውን የሚደግሙ ከሆነ ረቡዕ ረቡዕ መዝሙር 73 ይደርሳቸዋል። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 74ኛው ነው። እዚያ እግዚአብሔር የዘንዶውን ራሶች ይቀጠቅጣል፤ ከዚያ ለምግብነት ይሰጠዋል። ለማን? የዕብራይስጡ ንባብ የምድረ በዳ ሕዝብ ይላል፤ የግሪኩ ሰባ ሊቃናት ትርጉምና እሱን የተከተለው ግዕዛችን ግን ለኢትዮጵያ ሰዎች ይላሉ። እንግዲህ በእኛ ዳዊት ዘንዶው ለእኛ ምግብ ሆኖ የተሰጠ ነው። እሱ በየዓመቱ ከእኛ ልጅ ይበላል የሚለው እምነት ከየትኛው መጽሐፍ መጣ? ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ልጅን ከአደጋ መጠበቅ የወላጅና የጎረቤት አደራ መሆኑን ከማንም በላይ ይናገራሉ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ የቆሼ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች። ያኔ ተራራውን ዘንዶ ገፋው ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ቆሻሻው ከየት እንደመጣ፣ በስንት ዓመት እንደተከመረ፣ ሰው እዚያ ሥር ለምን እንደኖረ ሁሉም ይጠይቅ ነበር። ካባ ውስጥ የሚሞተው ግን አንድ በአንድ ነው። ለአንድ ልጅ ባንዲራ ዝቅ አይልም፤ ሠፈሩ ድንኳን ይጥላል፣ እድሩ ወንበር ያመጣል፣ ሦስተኛው ቀን ያልፋል። በሚቀጥለው ሐምሌ ጉድጓዱ እንደገና ይሞላል። እድሩ ድንኳን ለመጣል አቅም ካለው፣ ያንኑ ሕዝብ ይዞ ወረዳው በር ላይ ቆሞ «ይህ ካባ የማን ነው? መቼ ይሞላል?» ለማለትም አቅም አለው። ማመልከቻ በአንድ ገጽ ያልቃል። ቁፋሮ የሚፈቅደውም አካል ጉድጓዱ ተደፍኖ ሳያይ ከቆፋሪው ጋር ያለውን ጉዳይ መዝጋት የለበትም።

የኮሚሽኑ ጠላቂዎች ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። አንደኛው ልብሱን እያወለቀ የከበበውን ሰው «ጥልቀቱ ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። እናቲቱም ቀና ብላ ወደ እኛ ተመለከተች፤ አባም ጋቢያቸውን ከአፋቸው አንስተው ዝም አሉ። ጠላቂው ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ለቀቀው፤ ሲስበው እርጥቡን በክንዱ ለካ። ዘጠኝ ክንድ ሆነ። ሰማያዊዎቹ ጫማዎች ከውሃው የሚርቁት አንድ እርምጃ ነበር።