በገና ዋዜማ ስለተቋረጠው ድጋፍ፦ ለብሪታንያ የውጭ ጉዳይ፣ የኮመንዌልዝና የልማት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ግልባጭ፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች

ክቡር መሥሪያ ቤቱ የነገሩን አመጣጥ ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ዝርዝሩን እንደገና ማተት ትርፉ ድካም ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በእነዚህ ከተሞች ለገና ዶሮ ሲገዛና ጠላ ሲጠመቅ፣ ዛሬ በሚኒስቴሩ ውስጥ የተጠቃለለው የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት «የኛ» የተባለውን የሬዲዮ ፕሮግራም ያዘጋጅ ከነበረው ገርል ኢፌክት ከተባለ ድርጅት ጋር የነበረውን ሽርክና ማቋረጡን አስታወቀ። ምክንያቱ የእርዳታውን ገንዘብ የበለጠ ፍሬ በሚሰጥ መንገድ ማዋል ይቻላል የሚል ነበር። ከዚያ ቀደም ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ የ«የኛ»ን ዘፋኝ ወጣት ሴቶች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ፣ የግብር ከፋዩ 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለዘፈን ባከነ እያለ ደጋግሞ ዘምቶባቸዋል። የሁለቱ ተከታትሎ መምጣት አጋጣሚ ነው ከተባለም፣ ለጋዜጣው እጅግ የተመቸ አጋጣሚ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» ግን ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ የሬዲዮ ድራማ፣ ድራማውን ተከትሎ የሚደረግ ውይይትና ሙዚቃ በአንድ የተገመዱበት፣ ባለሙያዎች አዝናኝ ትምህርት የሚሉት፣ ማለትም ቁም ነገርን በጨዋታ የማስተላለፍ ዘዴ ነበር። ይህን ለብሪታንያ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1951 «ዘ አርቸርስ» የተባለውን የገጠር ድራማ ለመላ አገሪቱ ማሰራጨት ሲጀምር የግብርና ሚኒስቴር እጅ ነበረበት፣ ዓላማውም ከጦርነቱ ማግስት ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ማስተማር ነበርና። ለእንግሊዝ ገበሬ የተገባ ድራማ ለኢትዮጵያ ልጃገረድ ሲሆን ቅንጦት የሚባልበት ምክንያት ሊገለጥ ይገባል። ድራማው ያስፈለገበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ቢያደርገውም፣ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶ የሚሆኑት 18 ሳይሞላቸው ተድረዋል። ሕጉ የታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ ደጃፏ ደርሶ የማያውቅ ልጅ ሬዲዮ ትሰማለች፤ አስቴር አወቀ «ጣይቱ»ን ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ስትዘፍን ደግሞ እናቷም ጭምር ጆሮዋን ትሰጣለች።

«የኛ» ጉድለት አልነበረበትም የሚል የለም። በአማርኛ የተሠራ በመሆኑ፣ ፕሮግራሙን ያስተላልፍ የነበረው የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሞገድ በሚሰማባቸው በእነዚህ ከተሞች እንኳ አፋን ኦሮሞ የምትናገረውን ልጅ በቋንቋዋ አላነጋገራትም፤ ይሁንና ቀደም ሲል «ዲምቢባ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ በአፋን ኦሮሞ ተሠርቶ ተሰምቷልና፣ ይህ የሚታረም እንጂ የሚያዘጋ ጉድለት አልነበረም። «የኛ» በኋላ በቴሌቪዥን መመለሱም ጥያቄውን አያስቀረውም።

ስለዚህ ድጋፉን ለማቋረጥ መነሻ የሆነው ግምገማ ሙሉ ውጤት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲወጣ፣ የጋዜጣው ዘመቻ በውሳኔው ላይ የነበረው ክብደት ሳይድበሰበስ እንዲነገር በአክብሮት ይጠየቃል። እንደዚሁም በሰበታ ፋብሪካዎችና አበባ እርሻዎች፣ በሱሉልታ ውኃ ማሸጊያዎች ለሚውሉት፣ ከቡራዩ በማለዳ ታክሲ ወደ አስኮ ለሚጋፉት ወጣት ሴቶች በየከተማቸው የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ እንዲከፈት፣ የሙዚቃና የድርሰት አስተማሪ እንዲመደብ፣ ወደፊትም አድማጮቹ ሳይጠየቁ አንድም እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንዳይቋረጥ በውል እንዲጻፍ፣ የለንደን ፓርላማም ጉዳዩን እንደገና እንዲመረምር ይጠየቃል። መልሱ ሲሰጥ ቀኑ የበዓል ዋዜማ ባይሆን ይመረጣል።