የውጭውን ኳስ ተጫዋች ታሪክ አጠናን፤ የራሳችንንስ ማን ይጻፍልን?

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ እግር ኳስና ስለ መዝገብ አያያዝ ያለኝን ጥቂት አሳብ ከዚህ ቀጥሎ ስለማቀርብ፣ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሐምሌ ሲጋመስ በፍኖተ ሰላም ከተማ አንድ የቀን ቆጠራ ይጀመራል። የሚቆጠረውም ለዘመን መለወጫ የቀረው ቀን አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር የሚካሄደው የእግር ኳስ ሊግ አዲሱ የውድድር ዘመን እስኪከፈት ድረስ የቀረው ቀን ነው። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በነሐሴ ወር፣ በቡሄ ሰሞን ስለ ሆነ፣ ዝናቡ እየወረደ ወጣቶች በየሱቁ በረንዳ ተጠልለው «ሃያ ቀን ቀረው»፣ «ዐሥራ አምስት ቀን ቀረው» ይባባላሉ። ባለባጃጁ የአርሰናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን ምልክት በመስተዋቱ ላይ ለጥፎ ይነዳል። ቡሬም ብንሄድ ነገሩ ያው ነው። በገበያ ቀን በርበሬና ጤፍ ይዞ ከገጠር የሚመጣው ጎልማሳ እንኳ እህሉን ከሸጠ በኋላ ስለ አዲሱ አጥቂ ሳይጠይቅ ወደ ቀየው አይመለስም።

ከቀን ቆጠራው ጋራ የተጫዋቾች ታሪክ ይነገራል። እገሌ የተወለደው የት ከተማ ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ቁመቱ ስንት ነው፣ በግራ እግሩ ነው ወይስ በቀኙ የሚመታው፣ ባለፈው ዓመት ስንት ግብ አገባ፣ በስንት ገንዘብ ተዛወረ፤ ይህ ሁሉ እንደ ዳዊት በቃል ይወርዳል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያዩ «የሥራ ፈት ወሬ ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ደስታ በሌለበት ሥራም አይሠራም። በተለይም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው የጸጥታ መታወክ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ኢንተርኔትም ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ወጣቱ ያለ ጠብ የሚከራከርበት አንድ ጉዳይ ማግኘቱ እንደ ቀላል የሚታይ አልነበረም። ስለ ሊቨርፑልና ስለ ቼልሲ ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሁለት ሰዎች ማታ አንድ ጀበና ከብበው ቡና ይጠጣሉ። ስለዚህ አቤቱታዬ ቀን በሚቆጥሩት ላይ አይደለም።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው። በአንድ ወቅት ለተማሪዎቼ «የምትወዱትን የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፉ» ብዬ የአማርኛ ድርሰት አዘዝኋቸው። በሌላ ጊዜ አምስት መስመር መሙላት የሚያቅታቸው ልጆች ሁለት ቅጠል ሙሉ ጽፈው መጡ። ነገር ግን ከአንዲት ተማሪ በቀር ሁሉም የጻፉት ስለ ውጭ አገር ተጫዋቾች ነበር። ያቺ ተማሪ ከቡሬ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች ስትሆን፣ የጻፈችውም በመንደሯ ቡድን ውስጥ ስለሚጫወት አንድ አጥቂ ነው። ድርሰቷ ከግማሽ ገጽ አላለፈም። «መቼ ተወለደ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ጤፍ ሲታጨድ ነው ትላለች እናቱ፤ ዓመቱን ግን እንጃ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ስንት ግብ አግብቷል?» ብላት ደግሞ፣ «ብዙ ነው፤ የቆጠረው ሰው ግን የለም» ብላ መለሰችልኝ። ልጅቱ ያላወቀችው ፍቅር አንሷት ሳይሆን የተጻፈ ነገር ስላጣች ነው።

ቀጥዬ ለክፍሉ በሙሉ «ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታሸንፍ አምበሉ ማን ነበር?» አልኋቸው። የመለሰልኝ አልነበረም። እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ይነገረው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ፣ ማለትም ግብፅን ገጠመ። መደበኛው ሰዓት ሁለት ለሁለት ሲያልቅ በተጨመረው ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አስገብተው ጨዋታው በአራት ለሁለት ተፈጸመ። አምበሉ የኢታሎ ወንድም ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሆን፣ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማም በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አህጉሩን አገለገሉ።

ከዚያ ቀን ልክ 51 ዓመት በሞላበት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት መለየት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታዋን አደረገች። ተጋጣሚዋ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በዐሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ ግብ አግብቶ አንድ ለአንድ ተለያየን። ሁለቱ ጨዋታዎች በአንድ ቀን መዋላቸውን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ደወል ከተደወለ በኋላም «ሌላስ?» እያሉ ተከትለውኝ ወጡ። ከዚህ የተረዳሁት ወጣቱ የአገሩን ተጫዋች እንዳልናቀና የሚያነበው ነገር ብቻ እንዳጣ ነው።

የእንግሊዝ ሊግ የተመሠረተው በ1880 ዓ.ም. በ12 ክለቦች ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእያንዳንዱ ጨዋታ ማን ከማን ተጋጠመ፣ በስንት ለስንት ተለያዩ የሚለው ተጽፎ ተቀምጧል። ዛሬም አዲሱ ዘመን ከመከፈቱ በፊት የጨዋታው ቀን ሁሉ ይታተማል፤ የተጫዋቹም ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የትውልድ ቀኑና ያለፈው ሥራው ይወጣል። የእኛ ልጆች በቃላቸው የሚወርዱት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ዝናው የመጣው ከተጫዋቹ እግር ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዝገብ ከሚይዘው ጸሐፊም ብዕር ጭምር ነው። ይህን ለመንግሥት ሠራተኛ ወገኖቼ የማሳስበው፣ መዝገብ መያዝ የእኛ ሙያ ስለ ሆነ ነው።

ጽሕፈት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ ማንኩሳን እናልፋለን። ማንኩሳ ትንሽ ከተማ ናት። ነገር ግን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስላስገቧት፣ ጎጃምን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ ስሟን ያውቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

የክልላችንን ክለቦች ብንመለከት ሊጻፍ የሚገባው ነገር ሞልቷል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። የባሕር ዳር ከተማ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ገብቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሏል። ነገር ግን የእኛ ሰው ለዚህ ሊግ እንደ እንግሊዙ ጣቱን ቆጥሮ ለመጠበቅ አልታደለም። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ የ2013ም እስከ ታኅሣሥ ሳይጀመር ቆየ። ከዚያም ወዲህ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ መደረግ ስለ ጀመሩ፣ ደጋፊው ቡድኑን በአገሩ ሜዳ የሚያይበት ዕድል ጠበበ። እርግጥ በዚያው ዓመት ጨዋታው በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ጀምሯል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ምስሉ ሲመጣ ታሪኩ አብሮ ስላልመጣ፣ ተመልካቹ መለያ ቁጥር ያያል እንጂ ሰውየውን አያውቀውም።

አንባቢ «የተጫዋች ታሪክ ባይጻፍ ምን ይጎድላል?» ይለኝ ይሆናል። አንድ ትልቅ ጉዳት አለ። የተጫዋች ታሪክ የመጀመሪያው መስመር የትውልድ ቀን ነው። ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የተጫዋቾች ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንት በኤም አር አይ እየተነሣ ይመረመራል። ይህ የሆነው በሰነድ ላይ እምነት ስለ ጠፋ ነው። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉም ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከዚያ በፊት የተወለደው የገጠር ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ሰነድ የለውም። የተማሪዬ መንደር አጥቂ ነገ ክለብ ቢፈልገው «ጤፍ ሲታጨድ ተወለድሁ» ብሎ ቅጽ ሊሞላ አይችልም። ሌላ ሰው የፈለገውን ዕድሜ ይሞላለታል፤ በኋላም ሐሰቱ ሲገለጥ የሚቀጣው ልጁ ነው።

ሁለተኛም ጉዳት አለ። በቃል የተጠናው የውጭ ተጫዋች ታሪክ መዋያ ሲያጣ ወደ ቤቲንግ ቤት ይወስዳል። «ይህ አጥቂ ከሜዳው ውጪ ሲጫወት አያገባም» ብሎ የሚተነትን ልጅ፣ ለደብተር መግዣ የተሰጠውን ብር በትኬት ይለውጣል። ይህን ያህል ማስታወስና ማመዛዘን የሚችል ወጣት፣ ዕውቀቱን በጎ ሥራ ላይ የሚያውልበት ቦታ ብናዘጋጅለት ይሻለዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የየወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት በቀበሌዎችና በትምህርት ቤቶች መካከል ለሚያካሂደው ውድድር አንድ ቋሚ መዝገብ ይያዝ። በዚህም የተጫዋቹ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀን ከነማስረጃው፣ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ የተጫወተበት ቀንና ያገባው ግብ ይጻፍ። ወጪው አንድ መዝገብና አንድ ብዕር ነው። ልደቱ ያልተመዘገበለትም ልጅ በዚሁ ምክንያት ወደ ቀበሌው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይላክ።

ሁለተኛ፤ መምህራን ተማሪዎቻችን የሰፈራቸውን ነባር ተጫዋቾች እየጠየቁ ታሪካቸውን እንዲጽፉ እናድርግ፤ ጽሑፉም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። እኔ በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራችን ቅዳሜ ቅዳሜ የተጫወትነውን በአንድ ሰማያዊ መዝገብ ይጽፉ ነበር። በዓመቱ መጨረሻም በሰልፍ ላይ ይነበባል። ስሙ በዚያ መዝገብ እንዲገኝ ሲል ሕመሙን ደብቆ የሚመጣ ልጅ ነበር።

ሦስተኛ፤ የሊጉ አስተዳደርና ክለቦች የውድድሩን መክፈቻ ቀን አስቀድመው ቆርጠው ያስታውቁ፤ የተጫዋቾቻቸውንም ታሪክ በትንሽ መጽሔት አሳትመው በየከተማው ያድሉ። ጋዜጣዎም ከነሐሴ ጀምሮ በየሳምንቱ የአንድ ተጫዋች ታሪክ ቢያወጣ፣ እንደኔ ያለው መምህር ከግድግዳ ላይ ለጥፎ ያስነብበዋል።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይደርስ እሰጋለሁ። የሰው አገሩን ተጫዋች ማወቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ በየአውድማው በጨርቅ ኳስ የሚጫወተውን የራሳችንን ልጅ ስምና ዕድሜ የሚጽፍ ሰው ማጣታችን ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት በማክበር አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከፍኖተ ሰላም