ግዴታና ፍቅር

በክርስቲያን ኮሌጅ የሚማር ወጣት የአገልግሎት ሰዓቱን ካልሞላ አይመረቅም የሚሉ አሉ። ማዘዛቸውን አልነቅፍም፤ የታዘዘውን ፍቅር ነው ማለታቸውን ግን እነቅፋለሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ሳይመረቁ አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ አዘዘ፤ የሚበዙትም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ይህን ግዴታ ብሎ ጠራው እንጂ የጽድቅ ምልክት አላደረገውም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ፊልሞናን ማዘዝ ሲችል፥ በጎነቱ በግድ እንዳይሆን ብሎ ለመነው። እዚህ ዋጃም የጎረቤቱን ማሽላ ለማጨድ በወንፈል የወጣ ገበሬ ብድሩን ያውቃል፤ ምጽዋት ሰጠሁ አይልም። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሥራውን እዘዙ፥ መርምሩትም፤ ልብን ግን በማርክ አትመዝኑ። ለማርክ የሚጸልይ ተማሪ፥ ማርኩን ባገኘ ማግሥት ጸሎቱን ይተዋልና።